የማይወርዱ ተሳፋሪዎች

«አባቷ አይደለም፣ ምን ገደዳት!» ስትል የሰማኋት ጥርሴን እየቦረሽኩ ነው። የመታጠቢያ ቤቱና የሳሎኑ ግድግዳ ከካርቶን የተሠራ ይመስል ሹክሹክታ እንኳ አያስቀርም፤ እታለም ደግሞ ሹክሹክታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ከባሏ ጋር ታወራለች። «ቅቤውን እየደበቀች ታበላዋለች እንጂ ሌላማ ከየት ይመጣል? ባለፈውም ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ ነው የመጣው፣ ከዚያ በፊትም እንዲሁ። ዛሬ ካልወረደ ይዤው ነው የምመጣው፤ የኋላውን ክፍል አስጠርግልኝ።» ብሩሹ አፌ ውስጥ እንዳለ መስታወቱን አየሁት። የአረፋ ጢም ያበቀለች ሴት አፍጥጣ ታየኛለች። በዚህ መልክ ወጥቶ መሟገት ስለማይቻል ተጉመጠመጥኩና ውሃውን ረዘም አድርጌ ለቀቅኩት፤ የሰማሁ እንዳይመስላት።

እታለም የባሌ ታላቅ እህት ናት። አንድ ነገር ሲበላሽ ጥፋተኛውን ሳታገኝ መተኛት አይሆንላትም፤ ካገኘችው በኋላ ደግሞ ምሳ ሳትጋብዘው አትለቀውም። አባቷ፣ ማለትም አማቴ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባሌ ያረፈ ጊዜ ለጥቂት ቀን ብለው እኔ ዘንድ መጡና ቀሩ። ይቅሩ ያላቸው የለም፤ ይሂዱ ያላቸውም የለም። ፒጃማቸው መጀመሪያ ሶፋው ጀርባ ላይ፣ ቀጥሎ በሩ ጀርባ ላይ፣ በመጨረሻ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባ፤ ነገሩ በዚህ አለቀ። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ከታች የሚያልፉትን አውቶቡሶች ይነዳሉ። «ፍሬን! ፍሬን ያዝ እንጂ አንተ!» ይላሉ ከፎቅ ላይ ሆነው፤ ሾፌሩ የሰማቸው ይመስል ሲያቆም ደግሞ «አየሽ?» በሚል ዓይን ዞር ብለው ያዩኛል። ማታ ሬዲዮ እንሰማለን፣ ሾርባ እንጠጣለን፣ ስለ ኑሮ መወደድ እናማርራለን። እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል፤ እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ። የማናነሣው ስም አንድ ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ እናወራለን።

ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ የአባባ ሻንጣ ከቁም ሳጥኑ አናት ወርዶ በሩ አጠገብ ቆሟል። እታለም አቧራውን ሳይቀር ጠርጋዋለች። ዛሬ አባባ የደም ምርመራ አለባቸው። ሐኪሙ ቅቤና ጮማ ከከለከላቸው ወዲህ ኮሌስትሮላቸው ዝቅ ማለት ሲገባው አሻቅቧል፤ ዛሬም ካልወረደ ወደ ልጃቸው ቤት እንዲሄዱ ቤተሰቡ ተስማምቷል። ሲስማሙ እኔም ነበርኩ። ምን ብዬ እቃወማለሁ? እሷ «አንተ» የምትላቸው ልጃቸው ናት፤ እኔ «እርስዎ» የምላቸው ምራት ነኝ፣ ያውም አገናኛችን የሌለ ምራት። የሻይ ስኒዎቹን ሰበሰብኩ። የዚያን ቀን ስኒዎቹን ካጠብኳቸው በኋላ ደግሜ እንዳጠብኳቸው ትዝ ይለኛል።

«ቁርስ አልሰጠሽውም አይደል?» አለችኝ እታለም፣ ከማቀዝቀዣው ውስጥ አንገቷን ሳታወጣ።

«ምርመራው በባዶ ሆድ ነው እታለም። እኔ እኮ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው።»

«እሱንማ አውቃለሁ፤ ለዚያ እኮ ነው ጎህ ሳይቀድ መጥቼ የቆምኩት» አለችና ድስቱን ከፈት አድርጋ ወዲያው ከደነችው። «ይኸው! የአጥንት ሾርባ! ሰውዬው ቅባት አይነካ ተብሎ በአጥንት መቅኔ ታጠምቂዋለሽ!»

ሾርባው ላይ አንዲት የቅባት ዓይን እንኳ አልነበረም፤ ይህን ላስረዳት ሞከርኩ። አጥንቱን ማታ ቀቅዬ ድስቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ስቡ ከላይ ወጥቶ፣ ነጭ ሆኖ፣ እንደ ሸክላ ሳህን ረግቶ ይገኛል። ዙሪያውን በቢላ ጫፍ ፈልቀቅ ሳደርገው አንድ ወጥ ሆኖ ይነሣል፤ ከሥሩ የሚቀረው የጠራ ሾርባ ነው። አባባ ጥርሳቸው ስለተጎዳ ዳቦ የሚያርሱበት ነገር ይፈልጋሉ። የተነሣውን ስብ ዕቃ ማጠቢያው ላይ ብደፋው ቱቦውን ይዘጋዋል፤ ስለዚህ በባዶ የማርማላታ ብልቃጥ አጠራቅመዋለሁ። ከደረጃው ማዶ የምትኖረው ጎረቤታችን፣ የማዶዋ እትዬ የምንላት፣ ድሮ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች፤ አንድ ቀን ብልቃጡን አይታ «ከምትጥዪው ለኔ ስጪኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ባዶ ብልቃጥ ይዛ ትመጣለች፣ ሙሉውን ይዛ ትሄዳለች። ሳሙና ትሠራበት ይመስለኛል፤ ጠይቄያት አላውቅም። እታለም ይህን ሁሉ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችኝና «እሺ» አለች። «አላመንኩሽም» ማለቷ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳትም። ከሾርባው ሥር የብርቱካን ልጣጭና ጥቂት ቅርንፉድ አለ። እሱን መጨመር የኔ ሐሳብ አይደለም። በዚያ ኩሽና ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ሾርባ የሚሠራ፣ ብርቱካን እየላጠ ልጣጩን ድስት ውስጥ የሚወረውር ሰው ነበር። እኔ አላቆምኩትም፤ ይኸው ነው።

አባባ በዚህ መሐል ኮታቸውን ቆልፈው፣ ፀጉራቸውን በውሃ አስተኝተው ብቅ አሉ። «በባዶ ታንክ ልትነዱኝ ነው?» አሉ። እታለም ክንዳቸውን ያዘች። ቀኝ እጃቸው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነበር፤ ደረጃውን ስንወርድ እንኳ አላወጡትም። ቁርስ ላልበላ ሰው ፊታቸው በጣም ሰላማዊ ነበር። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

በእታለም መኪና ሄድን። እኔ ከኋላ፣ አባባ ከፊት። መንገዱ ተጨናንቆ ስለነበር ብዙ የሚወራ ነገር ተገኘ። እታለም ስለ ዘይት ዋጋ ተናገረች፤ የፈሳሹ ዘይት ከወር ወር እየጨመረ ሰው ወደሚረጋው እየዞረ ነው አለች፤ ብርቱካንም ጨምሯል፣ ሽንኩርትም ጨምሯል፣ ያልጨመረው የባሏ ደሞዝ ብቻ ነው። አባባ በየመታጠፊያው ያልነበረ ፍሬን በእግራቸው ይረግጣሉ። «ማርሽ ቀይሪ» ይላሉ። «አባባ፣ አውቶማቲክ ነው!» ትላለች። «ታዲያ አንቺ ምን እየሠራሽ ነው?» ይላሉ። ሁለቱ ሲሣሣቁ ከኋላ ሆኜ ጀርባቸውን አየሁ። የጆሯቸው አቀማመጥ አንድ ነው፤ ወደ ውጭ ትንሽ ገለል ያለ። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ጆሮው እንደዚያ ያልሆነ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ደግሞ ይህን በማሰቤ ራሴን ታዘብኩት።

የምሠራበት ክሊኒክ ላቦራቶሪ ከምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ ማቀዝቀዣዎቹ ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉራሉ፤ የአልኮል ሽታ ልብሳችን ላይ አብሮን ወደ ቤት ይሄዳል። የዘመድን ደም ራስ አለመንካት ደንባችን ስለሆነ የአባባን የቀዳው ባልደረባዬ ነው። ይህን ሰው ሁላችንም ፕሮፌሰር እንለዋለን፤ ፕሮፌሰር ስለሆነ ሳይሆን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ስለሚፈልገው ነው። አባባ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ «ቆጣሪውን እያየህ ቅዳ፤ የናንተ ማደያ ያጭበረብራል ይባላል» አሉት። ፕሮፌሰር ስቆ መርፌውን ሲያስገባ እንኳ አልተሰማቸውም። እታለም በር ላይ ቆማ እኔን ትጠብቃለች፣ እጄ ወደ ቱቦው እንዳይሄድ። እኔም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩላት። ከዚያ አባቷን ይዛ ላይ ወደ መጠባበቂያው አግዳሚ ወጣች።

ደም ተቀድቶ ሲረጋና በማሽን ሲሽከረከር ቀዩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከላይ የጠራ ውሃ ይቀራል። የጤነኛ ሰው፣ በባዶ ሆድ የመጣ ሰው ውሃ፣ ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል፤ ወርቃማ ነው፣ ከጀርባው ጣት ብታስቀምጡ ይታያል። ለዓመታት ይህን ውሃ ሳይ ስለኖርኩ አንዳንዴ ከሰው ፊት ይልቅ የማውቀው እሱን ይመስለኛል። ማሽኑ ሲቆም ፕሮፌሰር አንዱን ቱቦ ወደ መብራቱ አነሣውና ጠራኝ።

«ነይማ፣ ይሄ ደም ነው ማኪያቶ?»

ቀዩ ከታች ነበር። ከላይ ያለው ግን ሻይ አልነበረም። ወተት ነበር። ጣቱን ከኋላው ቢያስቀምጥ አይታይም። የማን እንደሆነ ጽሑፉን ማየት አላስፈለገኝም፤ ፕሮፌሰር የሚያየኝ አስተያየት ነገረኝ። ስብ የበላ ሰው ደም፣ ምግቡ ከአንጀት ወደ ደሙ እየገባ ባለበት ሰዓት ሲቀዳ፣ እንዲህ ይሆናል። አባባ ዛሬ ጠዋት በልተዋል። የበሉትም ውሃ ወይም ደረቅ ዳቦ አይደለም።

«እንዲህ ሆኖ ማሽን ላይ ብንጭነው ቁጥሩ ጣሪያ ይነካል» አለ ፕሮፌሰር። ድምፁን ዝቅ አደረገ። የሻንጣውን ነገር ሲመሽ ሲነጋ ሳወራው ስለከረምኩ ያውቃል። «ወይም ደግሞ ተሰበረ እንላለን። ቱቦ ይሰበራል። ትልቁ ነገር አንድ ሳምንት ታገኛለሽ።»

አንድ ሳምንት። የማይረባ ስጦታ አልነበረም። አንድ ሳምንት ማለት ሰባት ማታ ሬዲዮ፣ ሰባት ጠዋት «ፍሬን ያዝ» ማለት ነው። ቱቦውን ተቀብዬው ያዝኩት፤ ሞቅ ብሎ ነበር፣ ከማሽኑ ይሁን ከሰውየው እንጃ። ነገር ግን ከዚህ ቱቦ ሌላም ነገር አየሁ። ቅቤ የምደብቀው እኔ አይደለሁም፤ ስቡን በቢላ ጫፍ እያነሣሁ የምጥለው እኔ ነኝ። ታዲያ ይሄ ወተት በየትኛው በር ገባ? የማያውቁት ሰው ደም ቢሆን ኖሮ ወጥቼ «ምን በልተው ነው የመጡት?» ብዬ እጠይቅ ነበር። ለማላውቀው ሰው የማደርገውን ለአባባ የማላደርግበት ምክንያት አጣሁ። «አይሰበርም» አልኩት፤ «አይጫንምም። ና ከኔ ጋር።»

አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። እታለም ቦርሳዋን እቅፏ ላይ አድርጋ፣ አባባ እግራቸውን ዘርግተው። አባባ ሲያዩኝ ተስተካክለው ተቀመጡ፤ የትራፊክ ፖሊስ ያየ ሾፌር እንደሚያደርገው።

«አባባ፣ ዛሬ ጠዋት ምን በሉ?»

«እኔ? ውሃ።»

«ምንም አልበላም!» አለች እታለም ተነሥታ። «ከመጣሁ ጀምሮ ዓይኔን ከሱ ላይ አላነሣሁም። ይልቅ ማታ ምን እንዳበላሽው ንገሪን!»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ዓይኔ ኮታቸው ላይ አረፈ። የቀኝ ኪሳቸው አፍ ላይ፣ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ፣ ወርቃማ ፍርፋሪ ተዘርቷል። እሳቸውም ዓይኔን ተከትለው አዩት፤ በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉት፤ ጠረጋው ከኪሳቸው ሌላ ፍርፋሪ ጠራ። ፕሮፌሰር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ብስኩት ምግብ ነው እንዴ?» አሉ አባባ በመጨረሻ። «ገና በሌሊት ነቃሁ፤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሻንጣ፣ ሻንጣ እያልኩ ሳስብ ነበር። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ አንድ ቀመስኩ። ከዚያ… ብቻ ከረጢቱ ውስጥ ብዙ አልነበረም።»

«ከረጢቱን ማን ሰጠዎት?»

ጣሪያውን አዩ። «እንዳልናገር ቃል ገብቻለሁ። ሴት ልጄን አላሳጣም።»

እኔና ፕሮፌሰር ወደ እታለም ዞርን። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች። ቀይ ሆነች። «እኔ ነኝ» አለች። «በመጣሁ ቁጥር አንድ ከረጢት ትራሱ ሥር አደርግለታለሁ። ምን ላድርግ? ሁሉን ነገር ከልክለሽዋል። ግን ቅቤ የለውም! ጠይቄ ነው የገዛሁት፤ ባለሱቁ ጠብታ ቅቤ እንደሌለው ምሎልኛል። ለጤናው ብዬ እኮ ነው!»

«አንቺ ስትነሺኝ እሺ አልኩ» አሉ አባባ ወደ እኔ፤ «እሷ ስትሰጠኝም እሺ አልኩ። ከማንም ጋር አልተጣላሁም።»

እጄን ዘረጋሁ። ከኪሳቸው የተረፈች አንዲት ብስኩት አውጥተው፣ አቧራዋን እፍ ብለው ሰጡኝ። ጠጣር ናት፣ ጣት ላይ ግን እንደ አሸዋ ትፈርሳለች። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋት ላቦራቶሪው፣ አልኮሉ፣ ኮሪደሩ ሁሉ ከአጠገቤ ጠፋ። ብርቱካን። ከብርቱካኑ ሥር ቅርንፉድ። ከሁለቱም ሥር ደግሞ፣ ስኳሩ ያልሸፈነው፣ ቅዳሜ የሚሠራ የአጥንት ሾርባ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሽታ ስብ ውስጥ ይቀመጣል፤ ውሃ የማይዘውን ስብ ይይዘዋል፤ ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

«ከየትኛው ሱቅ ነው?» አልኩ።

«ከናንተው ሕንፃ ሥር ካለው። ምን ሆነሻል? አንዲት ሴትዮ እዚሁ ፎቅ ላይ እየጋገረች ነው የምታመጣልኝ አለኝ፤ ድሮ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ የነበረች—»

እዚህ ላይ ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ጠዋት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የሰማችው ታሪክ፣ ያላመነችው ታሪክ፣ በፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሲመለስ አየሁት። ብልቃጡ። የማዶዋ እትዬ። ሳሙናው። እኔ ከአባቷ ድስት ላይ ያነሣሁት ስብ በራችንን ወጥቶ፣ ደረጃውን ተሻግሮ፣ ብስኩት ሆኖ ሱቅ ወርዶ፣ በእሷ ቦርሳ ተመልሶ ወደ አባቷ ትራስ ሥር ገብቷል። ባለሱቁ አልዋሸም። ጠብታ ቅቤ የለበትም። ንጹሕ የበሬ ሞራ ነው።

«ማለት…» አለች።

«አዎ» አልኩ።

ይህን ጊዜ የምጠብቀው ይመስለኝ ነበር፤ የሚባለውንም ነገር መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሆኜ አዘጋጅቼው ነበር። «አባቴ አይደለም፣ ምን ገደደኝ» ልላት ነበር። ፊቷን ሳየው ግን አባባ አላሳጣም ሲሉ ያሳጧት ይበቃታል ብዬ ተውኩት። ፕሮፌሰር ጉሮሮውን ጠረገና «ታዲያ ቅቤ ካልሆነ ምን ችግር አለው ይላሉ ብዙ ሰዎች» አለ፤ የጣለልኝ ገመድ ነበር። ያዝኩት።

«አባባ፣ ይህን ነገር በአውቶቡስ ልንገርዎ» አልኩ። «ስብ ከውሃ ጋር አይዋደድም። ሆድ ውስጥ እንደ ትልቅ የጭነት መኪና ተገትሮ ይቆማል። ሐሞት ይመጣና ይበታትነዋል፣ ብዙ ትንንሽ አውቶቡስ ያደርገዋል። ኮሌስትሮል ደግሞ እግር የለውም፤ ብቻውን የአንጀት ግድግዳ ጋ አይደርስም። በነዚህ አውቶቡሶች ተሳፍሮ ነው የሚደርሰው። ስብ ሲበዛ አውቶቡስ ይበዛል፣ ተሳፋሪውም አብሮ።»

«ትኬት ቆራጩ የት ሄዶ ነው?»

«አንጀት ትኬት አይጠይቅም። ጭራሽ ይለምዳል። አይጦች ላይ ሞክረውት፣ ስብ ሲያበዙባቸው አንጀታቸው ስብ መቀበሉን እያሻሻለ ሄዷል።»

«በሩን አሰፋ በይኛ!»

«እንደዚያ ይበሉት። ግድግዳውን አልፈው ደም ውስጥ ሲገቡ ነው እንግዲህ ዛሬ ቱቦ ውስጥ ያገኘናቸው። ብርድ ልብስ ውስጥ የተሳፈሩት፣ ገና መንገድ ላይ እያሉ ተያዙ።» ፕሮፌሰር ሳቁን ለቀቀው። «የሚረጋ ስብ፣ ስሙ ቅቤም ይሁን ሞራ፣ ሌላም ክፋት አለው። ጉበት ኮሌስትሮሉን ከደም ውስጥ የሚያነሣባቸው በሮች አሉት። የሚረጋው ስብ ሲደጋገም እነዚያ በሮች ይቀንሳሉ።»

አባባ ጉልበታቸውን መቱ። «የመጨረሻው ፌርማታ ተዘጋ! ተሳፋሪው አይወርድም፤ ከተማውን ሲዞር ይውላል! ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስነዳ እንደማይወርድ ተሳፋሪ ያቃጠለኝ ነገር የለም። ይተኛል፣ ያንኮራፋል፣ ስትቀሰቅሺው ገና አልደረስንም ይላል። ታዲያ እነዚህ ሁሉ እኔ ውስጥ ናቸው?» ደረታቸውን በጥርጣሬ ተመለከቱት። ከአግዳሚው ማዶ የተቀመጠ ሽማግሌ ሳይጠየቅ «እኔም ጋ አሉ» አለ።

እታለም ብቻ አልሳቀችም። ብስኩቷን ከእጄ ወስዳ አሸተተቻት። «ባለሱቁን አልጣላውም» አለች በዝግታ። «እኔው ነኝ ዓይቼ የመረጥኳት። ሌላም ብስኩት ነበር፣ በዘይት የተሠራ፣ ዋጋውም የሚቀንስ። ይቺን ግን… ስበላት ወንድሜ ትዝ ይለኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ለአባባ ብዬ እገዛና ግማሹን መኪና ውስጥ ብቻዬን እበላዋለሁ። ሰው ቢያየኝ ያበድኩ ይመስለዋል።»

እኔና አባባ አልተያየንም። መጠባበቂያው ውስጥ አንድ ስልክ ጮኾ ቆመ።

«ልጣጩን ሾርባ ውስጥ የሚጥለው እሱ ነበር» አልኩ። «ቅዳሜ ቅዳሜ። እስካሁንም አለ። ጠዋት ድስቱን ቶሎ ከደንሽው እንጂ ታይው ነበር።»

እታለም አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና «እና አትነግሪኝም?» አለች፣ እንደ ቁጣ አድርጋ። አባባ መሐረባቸውን ከኪሳቸው አወጡና ዘረጉላት፤ ፍርፋሪ ዘነበባት፤ ያኔ እሷም ሳቀች። ፕሮፌሰር ግንባሩ ላይ ያለውን መነጽር እየፈለገ «መኪና ውስጥ ግማሹን ካሉኝ፣ የእርስዎንም እንቅዳ እንዴ?» አላት። «ወግድልኝ!» አለችው፤ እጅጌዋን ግን ሰብሰብ አድርጋ ደም ሥሯን ስታይ አይቻታለሁ።

ናሙናው ውድቅ ሆነ። አባባ ከብስኩት ተለይተው ከቆዩ በኋላ፣ በእውነተኛ ባዶ ሆድ፣ ሌላ ቀን ይመጣሉ። እታለም ጥፋተኛ ያገኘችበት ቀን ስለሆነ ምሳ መጋበዝ ነበረባት፤ ጥፋተኛዋ ራሷ ስለነበረች ግን ግራ ገባት። «ማታ እመጣለሁ» አለች በመጨረሻ። «ከዚያ ሾርባ ይተርፋል አይደል?»

ማታ ከሥራ ስመለስ አባባ መስኮቱ ሥር ነበሩ፣ እግራቸውን ሻንጣው ላይ ሰቅለው። ጠዋት ከቆመበት አምጥተው የእግር ማሳረፊያ አድርገውታል። እታለም አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዛ ገባች፤ ዋጋውን ነገረችን፤ ተነጋገርንበት። ድስቱን አሳየኋት። ለነገ የሚሆነው አጥንት ይፈላል፤ እሷ ቆማ ብርቱካን ላጠች፤ ልጣጩን በረጅሙ፣ ሳይቆረጥ፣ ዙሪያውን እያዞረች። በዚያ ቤተሰብ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚልጡት ማለት ነው፤ አላውቅም ነበር። ወደ ድስቱ ስትወረውረው አባባ ከመስኮቱ ዞረው አዩ፤ ሬዲዮውን ቀነሱት። ከዚያ እታለም ሳህን ልታመጣ ስትዞር ሻንጣው አደናቀፋት። «ይሄ ነገር መንገድ ዘጋ እኮ!» አለች፣ ራሷ ያወረደችው እንዳልሆነ ሁሉ። ወንበር ሳበች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ሻንጣውን አንሥታ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ መለሰችው። ከፊት አላስቀመጠችውም፤ ወደ ኋላ፣ ግድግዳው እስኪነካ ገፋችው።

«ያለ ቦታው የቆመ ተሽከርካሪ» አሉ አባባ።

«የሚቀጥለው ምርመራ ከፍ ቢል ቁጭ ብለን እንነጋገራለን» አለችኝ እታለም ከወንበሩ ሳትወርድ። «ሦስታችን።»

ጀርባዬን አዙሬ ሦስት ሳህን አነሣሁ።

በሩ ተንኳኳ። የማዶዋ እትዬ ናት፣ ባዶ ብልቃጥ ይዛ፣ ክንዷ ላይ ዱቄት። ከኋላዬ እታለም ስትመጣ ሰማኋት፤ ልትጮህ ነው ብዬ ፈራሁ። «አንቺ ነሽ ብስኩቷን የምትጋግሪያት?» አለቻት። እትዬ ፈገግ አለች። «ወደድሻት? ባለሱቁ እንደ ጉድ ትሸጣለች ይለኛል። ምስጢሩ እዚህ ቤት ነው» ብላ በብልቃጡ ወደኔ ጠቆመች። እንዴት ብለን እንደምንነግራት አላወቅንም፤ አባባ ግን ከመስኮቱ ሥር ያውቁ ነበር።

«እትዬ፣ የስቡ መስመር ከዛሬ ጀምሮ ተቋርጧል!»

ነገሩን አስረዳናት፤ እታለም አቋረጠችኝ፣ እኔ አቋረጥኳት፣ አባባ ሁለታችንንም። እትዬ አፏን በመዳፏ ያዘች፣ ከዚያ ብልቃጡን አየችው። «እኔ እኮ ስብ መጣል ኃጢአት መስሎኝ…» አለች። «በፈሳሽ ዘይት አይሆንም?» አለች እታለም ቶሎ ብላ፣ እንደ ሕፃን። «ሽታው ሳይጠፋ?» እትዬ አሰበች። «ይሆናል፤ ልጣጩን ዘይት ውስጥ ካሳደርኩት ይሆናል።»

ብልቃጡን ከእጇ ተቀበልኩ። ከጠረጴዛው ላይ የቀረውን የብርቱካን ልጣጭ ሞላሁበት፤ እታለም ከላይ ቅርንፉድ በተነችበት። እትዬ ይዛ ስትሄድ አባባ ከወንበራቸው ተነሥተው እስከ በሩ ሸኟት፤ እጃቸውንም እንደ ሾፌርነታቸው ዘመን ወደ ውጭ ዘርግተው መንገድ አሳዩ።

«ልጣጩ ይሳፈር!» አሉ። «ስቡ ይውረድ!»